አሮጌው ፕሌይስቴሽንና የወር ደመወዝ

ሽሮ ሜዳ ሲባል በሰው ልብ ቶሎ የሚመጣው ጥበቡና ነጠላው ነው። ከሸማ ሱቆቹ ጀርባ ባለው መንደር ያደግን ልጆች ግን አንድ ሌላ ትዝታ አለን፤ ይኸውም የፕሌይስቴሽን ቤት ነው። በጠባብ ክፍል ውስጥ በአግዳሚ ወንበር ላይ ተጠጋግተን፣ ሳንቲማችንን ጨብጠን፣ ተራችን እስኪደርስ እንጠብቅ ነበር።

ትምህርቴን ጨርሼ ሥራ በያዝኩበት በመጀመሪያው ወር ይህ ትዝታ አላስቀምጥ አለኝ። ለቤት ኪራይ ካሰብኩት ገንዘብ ላይ ቀንሼ ያገለገለ ፕሌይስቴሽን 2 ገዛሁ። ሻጩ «ከአሜሪካ የመጣ ነው» ቢለኝ እንደ ክብር ቆጠርኩት። ቤት ወስጄ ብሰካው ግን ጢሱ ወጣ። ታናሽ ወንድሜ ጆይስቲኩን እንደያዘ ቀረ፤ እናቴም «ነጠላ እንኳ ሳይዳሰስ አይገዛም» አለችኝ።

የተቃጠለበት ምክንያት ግልጽ ነው። የእኛ ሀገር መብራት 220 ቮልት ነው፤ ለአሜሪካ ገበያ የተሠራው ወፍራሙ ፕሌይስቴሽን 2 ግን ለ120፣ የጃፓኑም ለ100 ቮልት የተሰናዳ ነው። ቁጥሩም በጀርባው ላይ ተጽፎ ነበር፤ ያላነበብኩት እኔ ነኝ። በ1997 ዓ.ም. የወጣው ቀጭኑ ዓይነት ኃይል የሚያገኘው በውጭ ባለ አዳፕተር ስለ ሆነ፣ በእርሱ ጊዜ የሚነበበው የአዳፕተሩ ጽሑፍ ነው።

ለመሆኑ ብዙ ዓይነት አሮጌ መሣሪያ እያለ ኪሱ የሳሳ ሰው ስለ ምን ይህን ይመርጣል? ፕሌይስቴሽን 2 በጃፓን ከወጣበት ከ1992 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራው እስከ ቆመበት እስከ 2005 ዓ.ም. ድረስ ከ150 ሚሊዮን በላይ ተሽጧል። ብዙ የተሸጠ ዕቃ ደግሞ ዲስኩም መለዋወጫውም በቀላሉ ይገኛል። ከዚህም በላይ በ1987 ዓ.ም. የወጣውን የመጀመሪያውን ፕሌይስቴሽን አብዛኛውን ዲስክ ስለሚያጫውት፣ በአንድ ዋጋ የሁለት ዘመን ጨዋታ ይገኛል።

እንግዲህ የእኔ ኪሳራ ለእናንተ ትምህርት ይሁን። ቮልቱን ሳታነቡ ገንዘብ አታውጡ። ዲስክ አስገብታችሁ ግማሽ ሰዓት ያህል ተጫወቱበት፤ በእንዲህ ያለ መሣሪያ ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የሚደክመው ዲስኩን የሚያነበው የብርሃን ዓይን ነውና። የጆይስቲኩን ቁልፎች አንድ በአንድ ሞክሩ። ጨዋታው የሚቀመጥበት ሜሞሪ ካርድ መኖሩንም ጠይቁ፤ ያለ እርሱ የተጀመረው ሁሉ ሲጠፋ ከሀ መጀመር ነው። ቴሌቪዥን ለመግዛት ግን አትቸኩሉ፤ ቢጫ፣ ነጭና ቀይ ቀዳዳ ያለው አሮጌው ወፍራም ቴሌቪዥን ይበቃል፤ እንዲያውም ከእንዲህ ያለው መሣሪያ ጋር ይስማማል።

ከሁሉ የሚበልጠው ምክር ግን ብቻን አለመግዛት ነው። እኔ በሁለተኛው ጊዜ ከሁለት የሥራ ባልደረቦቼ ጋር እንደ እቁብ በየወሩ ጥቂት ጥቂት አዋጥተን፣ ኪራዩ ከተከፈለ በኋላ በተረፈው ገዛን። እናቴ በነጠላው እንደምታደርገው ገልብጬ፣ ዳብሼ፣ አንብቤ፣ ሞክሬ ከፈልኩ።

ባለፈው እሑድ ወንድሜ 4 ለ 1 አሸነፈኝ። ቅር አላለኝም፤ ዕዳ የሌለበት ሽንፈት ይጣፍጣል።