የዛገ ብሎን እና የቅርስ ጥበቃ፦ አሮጌ ጠመንጃን ሳይጎዱ ስለ መፍታት



የዛሬው ርእሴ ሲሰሙት ትንሽ ይመስላል፤ ስለ ብሎን ነው። ሆኖም በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ የዘመተው የእንግሊዝ ጦር የታጠቀውን ሰናድር፣ ወይም ስሙን ከፈረንሳዩ «ፉዚ ግራ» የወሰደውን ውጅግራ ለጥናትና ለእንክብካቤ የሚፈታ ሰው፣ ቅርሱን የሚጠብቀውም የሚያበላሸውም በዚህች ትንሽ ብረት ላይ ነው። የብሎኑ ራስ ቅርጽ፣ የቦዩ አቆራረጥና በላዩ የቀሩት ጭረቶች ስለ ሠሪውና ስለ ጠጋኙ የሚመሰክሩ ማስረጃዎች ናቸው። አንዴ ከተፋቁ አይመለሱም።

ከሁሉ አስቀድሞ መሣሪያው ባዶ መሆኑ ይረጋገጣል። በአፈሙዙ የሚጎርስ ጠመንጃ ከመቶ ዓመት በኋላም ባሩድ እንደ ጎረሰ ሊገኝ ይችላል፤ ሳይረጥብ የቆየ ባሩድም ኃይሉን አያጣም። ስለዚህ ከአፈሙዙ ፊት ሳንቆም ቀጭን የእንጨት ዘንግ እናስገባለን፤ የገባውንም ርዝመት ከቱቦው የውጭ ርዝመት ጋር እናነጻጽራለን። ዘንጉ ጉልህ በሆነ ልክ ካጠረ ሥራው ይቆማል፤ የጦር መሣሪያ ባለሙያም ይጠራል።

ቀጥሎ የሚነሣው ጥያቄ «ብሎኑ ለምን ተጣበቀ?» የሚለው ነው። አንደኛው ምክንያት ዝገት ነው። ዝገት ከተፈጠረበት ብረት የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ በጥርሶቹ መካከል ያለውን ክፍተት ሞልቶ ብሎኑን ይጨምቀዋል። ሁለተኛው ለዓመታት ደርቆ እንደ ሙጫ የጠነከረ ቅባት ነው። ሦስተኛው የብሎኑ መጣመም ወይም የጥርሱ መበላት ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ለትዕግሥት ይሸነፋሉ፤ ሦስተኛው ግን በዘይት ብቻ አይፈታም።

ከምክንያቱ ቀጥሎ መሣሪያው ይመረጣል። የተለመደው ካቻቪቴ ጫፉ እንደ ሽብልቅ እየሳሳ የሚሄድ ነው። የአሮጌ ጠመንጃ ብሎን ቦይ ግን ብዙ ጊዜ ጠባብና ግድግዳዎቹ ትይዩ ናቸው። ስለዚህ ካቻቪቴው የቦዩን የላይ ጠርዝ ብቻ ይነካል፤ ሲዞርም ወደ ላይ ተንሸራትቶ ጠርዙን ይቦጭቃል። ጎኖቹ ትይዩ እንዲሆኑ የተሞረደ፣ የቦዩን ውፍረትና ርዝመት የሚሞላ፣ ከብሎኑ ራስ ግን የማይወጣ ጫፍ ያስፈልጋል። ስሌቱ ቀላል ነው። በ3 ኒውተን ሜትር ጉልበት ስናዞር 6 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ጫፍ በሁለቱ ዳርቻዎቹ ላይ በያንዳንዱ 500 ኒውተን ያህል ያሳርፋል። ስፋቱ 3 ሚሊ ሜትር ከሆነ ግፊቱ ወደ 1000 ኒውተን ያድጋል። ያው ክንድ፣ ያው ብሎን፤ ጉዳቱ ግን እጥፍ ነው።

የሰናድርን ምሳሌ እንውሰድ። መምቻውን የተሸከመውን የብረት ሰሌዳ የሚይዙት ሁለት ብሎኖች ከግራ ገብተው እንጨቱን ካለፉ በኋላ በቀኝ በኩል ሰሌዳው ውስጥ ይታሰራሉ። ጥርሳቸው ያለው በቀኝ ስለሆነ በራሳቸው ላይ የፈሰሰ ዘይት እንጨቱን ከማበላሸት በቀር እምብዛም አይጠቅምም። አንዲት ጠብታ ሰርጎ ገብ ዘይት በሰሌዳው ላይ በሚታየው የብሎኑ ጫፍ ዙሪያ ትደረጋለች፤ ከዚያም ለቀናት ይጠበቃል። በየጊዜው የብሎኑን ራስ በናስ ዘንግና በቀላል መዶሻ በስሱ መምታት የዝገቱን ትስስር ይሰነጥቃል፤ ለዘይቱም መንገድ ይከፍታል።

ይህ ካልበቃ የሬዲዮ ጠጋኞች ቆርቆሮ የሚያቀልጡበትን የኤሌክትሪክ መሣሪያ በብሎኑ ራስ ላይ ለአጭር ጊዜ ማሳረፍ ይቻላል። ብረቱ ሲሞቅ ይሰፋል፤ ሲቀዘቅዝ ይኰማተራል፤ በዚህ እንቅስቃሴም ዝገቱ ይላቀቃል። የእሳት ነበልባል ግን ፈጽሞ አይፈቀድም፤ እንጨቱን ያሳርራል፣ የብረቱን ቀለም ይለውጣል፣ የጠነከሩትንም ክፍሎች ያለሰልሳል። ብሎኑ መላላት ሲጀምር በአንድ ጊዜ አይወጣም፤ ጥቂት ወደ ፊት፣ ጥቂት ወደ ኋላ እየተባለ ይፈታል። የወጣው ብሎንም ከየትኛው ቀዳዳ እንደ ወጣ ይመዘገባል፤ በእጅ በተሠራ መሣሪያ ላይ አንዱ ብሎን የሌላውን ቦታ አይተካምና።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ብሎኑ ባይፈታስ? መሰርሰሪያ ከማንሣታችን በፊት መፍታቱ ለምን እንዳስፈለገ ደግመን እንጠይቅ። በውስጡ እየተስፋፋ ያለ ዝገት ከሌለ ብሎኑን ባለበት መተው ሙሉ ሙያዊ ውሳኔ ነው። ያልተፈታ ብሎንን ነገ የተሻለ ዘዴ ያለው ሰው ሊፈታው ይችላል፤ የተሰረሰረውን ግን ማንም ወደ ነበረበት አይመልሰውም።