የሰው ፊት ፎቶግራፍን ለማደስ የኮምፒውተር ፕሮግራም ስለ መምረጥ

በመንዝ፥ በግሼና በመርሐቤቴ ደጋ፥ እንደ ሌላውም የአገራችን ክፍል፥ ሰው ሲሞት ፎቶግራፉ እንዲያድግ ተደርጎ በለቅሶው ቤት ይቀመጣል፤ ለአርባውና ለሙት ዓመቱም ይወጣል። ለቤተሰቡ የተረፈው ግን ብዙ ጊዜ ከመታወቂያ የተነቀለ ወይም ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ የኩበት ጭስ ያጠቆረው አንድ ጉርድ ፎቶግራፍ ብቻ ነው። ከቀየት ወይም ከመሐል ሜዳ ዘመድ እንዲህ ያለ ፎቶግራፍ የሚልክለት ተማሪ ጥቂት አይደለም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ለዚህ ሥራ ከሚያገለግሉት ፕሮግራሞች የትኛውን፥ በምንስ ምክንያት መምረጥ እንደሚገባ ማስረዳት ነው።

የሰውን መልክ በፎቶግራፍ ላይ ማረም ከኮምፒውተር ጋር የመጣ ነገር አይደለም። ቀድሞ ፎቶ ቤቶች በኔጌቲቩ ላይ በቀጭን እርሳስ ይሠሩ ነበር። በእርሳስ የተነካው ቦታ ብርሃን ስለሚከለክል በወረቀቱ ላይ ነጣ ብሎ ይወጣል፤ በዚህም ዘዴ የፊት መጨማደድና ጠባሳ ይጠፋል። ነገሩ ቀላል መስሎ ቢታይም፥ ፎቶግራፍን መነካካት ምን ያህል ከባድ ሊሆን እንደሚችል ታሪካችን ያሳያል። ልጅ ኢያሱ መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ከሥልጣን በተሻሩበት ጊዜ፥ በሙስሊም ልብስ የሚያሳያቸው ፎቶግራፍ እንደ ማስረጃ መዘዋወሩ ይነገራል። ሥዕሉ እውነተኛ ነው ወይስ ተቀጣጥሎ የተሠራ በሚለው ነገር የታሪክ ሰዎች ተከራክረውበታል። እንግዲህ ፕሮግራም ስንመርጥ የምንመርጠው መሣሪያን ብቻ ሳይሆን፥ የሰውን መልክ የምንነካበትን መንገድም ጭምር ነው። ስለዚህ ምርጫውን በሦስት ጥያቄዎች ከፍለን እንመለከተዋለን።

አንደኛው ጥያቄ፦ ፕሮግራሙ የመጀመሪያውን ሥዕል ሳያበላሽ ይጠብቃልን? የዚህ መልስ ሌየር በሚባለው ንብርብር ላይ የተመሠረተ ነው። ሌየር ማለት በፎቶግራፍ ላይ እንደ ተነጠፈ ብርሃን አሳላፊ ወረቀት ነው፤ እርማቱ በላይኛው ላይ ይሠራል፥ የታችኛው ግን አይነካም። እርማቱ ካልተወደደ ያንኑ ንብርብር ማንሣት ይበቃል። ፎቶሾፕ የተባለው ፕሮግራም ይህን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1994 ነበር። ፕሮግራሙን ቶማስ ኖል የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ እ.ኤ.አ. በ1987 ጀምሮት፥ ከወንድሙ ከጆን ጋር ካዳበሩት በኋላ፥ አዶቢ የተባለው ኩባንያ በ1990 ለገበያ አቀረበው። ጊምፕ የተባለውም ሌየር አለው፤ እርሱም የተማሪዎች ሥራ ነው። ስፔንሰር ኪምባልና ፒተር ማቲስ በበርክሌይ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሲማሩ ጀምረውት፥ እ.ኤ.አ. በ1996 ለሕዝብ በነፃ ወጣ።

ሁለተኛው ጥያቄ፦ የሚገኘው በምን ዋጋና በምን ሁኔታ ነው? ከ2013 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ አዲሱ ፎቶሾፕ የሚገኘው በየወሩ ወይም በየዓመቱ በሚከፈል ኪራይ ነው፤ ክፍያውም በውጭ ምንዛሪ ስለሚታሰብ ለተማሪ ይከብዳል። ተሰብሮ የተገለበጠ ቅጂ መጠቀም የተለመደ ቢሆንም፥ ሕገ ወጥ ከመሆኑ በላይ ከቫይረስ ጋር እየመጣ የሰውን ፎቶግራፍ ሁሉ ሊያጠፋ ይችላል። ጊምፕ ግን አንድ ጊዜ ከተጫነ በኋላ ክፍያም ኢንተርኔትም አይጠይቅም፤ አሮጌ ኮምፒውተርም ይሸከመዋል። የመብራት መቋረጥ በሚበዛበት ከተማ ይህ ትንሽ ጥቅም አይደለም። በስልክ የሚሠራው ስናፕሲድም በነፃ ይገኛል፤ ብርሃንና ጥላ ለማስተካከል ይበቃል፥ የተቀደደ ፎቶግራፍ ለመጠገን ግን አይመችም። ከፎቶግራፉ ሥር የሟቹን ስምና ዘመን በፊደላችን ለመጻፍ ችግር የለም፤ ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ ውስጥ ስለ ገባ፥ በነፃ የሚገኘውን አቢሲኒካ የተባለውን የፊደል ቅርፅ መጫን ይበቃል።

ሦስተኛውና ከሁሉ የሚከብደው ጥያቄ፦ ፕሮግራሙ የማንን መልክ ያውቃል? የቀለም ፎቶግራፍ በተስፋፋበት ዘመን ኮዳክ ለአጣቢዎች ይልከው የነበረው የቀለም መለኪያ ካርድ የነጭ ሴት ሥዕል ስለ ነበረበት፥ የጥቁር ሰው ፊት ብዙ ጊዜ ደብዝዞ ይወጣ ነበር። ዛሬም በስልክ ላይ «ማሳመሪያ» ተብለው የሚቀርቡት ብዙዎቹ ፊትን ያነጣሉ፥ አፍንጫንም ያቀጥናሉ። ከዚህ የባሱት ደግሞ የደበዘዘ ፊትን ራሳቸው የሚያጠሩት የሰው ሠራሽ አስተውሎት ፕሮግራሞች ናቸው። ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው ጂኤፍፒጋን የሠለጠነው ከኢንተርኔት በተሰበሰቡ 70,000 የፊት ሥዕሎች ነው። ፎቶግራፉ ላይ የሌለውን ዓይን ከእነዚያ ፊቶች በተማረው መሠረት ይሞላል። ውጤቱ ጥርት ያለ ነው፤ ነገር ግን ልጆቹ ሲያዩት «ይኸ አባታችን አይደለም» ሊሉ ይችላሉ።

በደጋችን ሰው ፎቶግራፍ ላይ በተለይ መጠንቀቅ የሚገባን ነገር አለ። በአንገት ላይ ያለው ማተብ ለማያውቅ ፕሮግራም ጭረት ይመስለዋል፤ የእናቶች ንቅሳት ቆሻሻ ይመስለዋል፤ ብርድና ፀሐይ ያጠቆረው ጉንጭ መነጣት ያለበት ጥላ ይመስለዋል። ስለዚህ አንድ ደንብ እናቀርባለን፦ በወረቀቱ ላይ የደረሰው ጉዳት ይጠገን፥ በሰውየው ላይ ያለው ምልክት ይቆይ። እድፍ፥ ስንጥቅና የማኅተም ቀለም የወረቀቱ ናቸው፤ ጠባሳ፥ ሽበትና ማተብ የሰውየው ናቸው። ቤተሰቡ ጋቢ የለበሱትን አባት «ሱፍ ልብስ አልብሱልን» ቢል፥ ይህ የእነርሱ ፈቃድ ስለ ሆነ በተለየ ሌየር ይሠራ፤ ነገር ግን ጋቢ የለበሱበትም አብሮ ይሰጥ።

ስለ አሠራሩ ጥቂት እንጨምር። ሥራው የሚጀምረው በስካነር ነው። 3 በ4 ሳንቲሜትር የሆነ ጉርድ ፎቶግራፍ በ300 ነጥብ ቢነሣ ለኅትመት የሚበቃው ለዚያው ለመጠኑ ብቻ ነው፤ በ1,200 ነጥብ ቢነሣ ግን በ300 ነጥብ እስከ 12 በ16 ሳንቲሜትር ሊታተም ይችላል። ከዚህም በላይ ሲያድግ ፕሮግራሙ በመካከል የሚሞላው ግምት ነው። የተነሣው ሥዕል በቲፍ ይቀመጥ፤ ጄፔግ በታረመና እንደገና በተቀመጠ ቁጥር ከሥዕሉ ጥቂት እየቀነሰ ይሄዳልና። የመጀመሪያው ፋይል ሳይነካ በተለየ ቦታ ይቆይ።

በእነዚህ ምክንያቶች፥ አንድ አሮጌ ኮምፒውተርና ስካነር ላለው ተማሪ ወይም ትንሽ ፎቶ ቤት ጊምፕን እንመርጣለን። ኪራዩን መክፈል የሚችልና ሥራ የሚበዛበት ፎቶ ቤት ፎቶሾፕን ቢይዝ፥ የጥገና መሣሪያዎቹ ፈጣን ስለ ሆኑ ይጠቀማል። ፊት የሚፈጥሩትን ፕሮግራሞች ግን ለጀርባውና ለልብሱ ካልሆነ በቀር ለፊት እንዳንጠቀምባቸው እንመክራለን። ለማያውቁት ሰው ጥርት ብሎ ከተሠራ እንግዳ ፊት ይልቅ፥ ደብዘዝ ያለ የራስ አባት ፊት ይሻላልና።