የሱሉልታ ጓሮዎች የትኛዋን ዶሮ እየቀለቡ ነው?

እንጦጦን ተሻግሮ በጎጃም መንገድ የሚወጣ መንገደኛ ሱሉልታን የሚያውቃት በወተቷ፣ በድርቆሿና በብርዷ ነው። ይሁንና በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር በተካተተችው በዚህች ስፍራ ጓሮዎች ውስጥ ሌላም ገቢ አለ፤ ዶሮ። ሃያም ሠላሳም የሚያረባ ቤተሰብ እንቁላሉን ለጎረቤትና ለሱቅ፣ ያረጀችውን ዶሮ ደግሞ ለበዓል ገበያ ያቀርባል። ችግሩ የሚጀምረው “ያረጀችው የትኛዋ ናት?” ተብሎ ሲጠየቅ ነው።

የሐበሻ ዶሮ በዚህ ረገድ አታስቸግርም። ገብስማ፣ ወሰራ፣ ዝግርማ፣ መላጣ፣ ጉትያ እየተባለች በመልኳ ትጠራለች። ባለቤቷ ከሩቅ ይለያታል፤ ገዢም በላባዋ ቀለም ዋጋ ይቆርጥላታል። ቦቫንስ ብራውንና ሎህማን ብራውንን የመሳሰሉት ቡናማ እንቁላል ጣዮች ግን መንታ ናቸው ማለት ይቀላል። ነገሩ ያለ ምክንያት አይደለም፤ ዘሩ የተዳቀለው ጫጩቶቹ በተፈለፈሉበት ዕለት ቡናማዋ ሴት፣ ነጣ ያለው ወንድ ተብለው እንዲለዩ ነው። በዚህም ሴቶቹ ሁሉ አንድ መልክ ይዘው ያድጋሉ።

መመሳሰሉ የሚያስከትለው ኪሳራ በሒሳብ ይታያል። አንዲት እንቁላል ጣይ በቀን 115 ግራም ያህል መኖ ትበላለች። መጣል ያቆሙ 10 ዶሮዎች ሳይታወቁ አንድ ወር ቢቀለቡ 34.5 ኪሎ መኖ ያለ አንድ እንቁላል አለቀ ማለት ነው። የፈንግል ክትባት የወሰደችው ካልወሰደችው ጋር ከተምታታች ደግሞ በሽታው ሲገባ መንጋውን ሊያሳጣ ይችላል። መድኃኒት የተሰጣት ዶሮ እንቁላልም የተወሰነለት የመቆያ ቀን ሳያልቅ ሱቅ ሊደርስ ይችላል።

ብዙዎች የሚመርጡት መፍትሔ ክር፣ ላስቲክ ወይም የጨርቅ ቁራጭ እግሯ ላይ ማሰር ነው። ርካሽ ይመስላል፤ ነገር ግን የቄብ እግር ሲወፍር ክሩ አብሮ አይሰፋም። ቆዳ ይቆርጣል፣ የደም ዝውውር ይገታል፣ እግር ያብጣል፤ መጨረሻው ሽባ ዶሮ ነው። የዘይት ቀለም ወይም የተቃጠለ ዘይት መቀባትም አይበጅም፤ ዶሮ ላባዋን በአፏ ስለምታበጥር መርዙን ትውጠዋለች። ለምግብ የሚሆን ቀለም አይጎዳትም፤ ሆኖም ላባ ላይ ብዙ አይቆይም።

አስተማማኙ የፕላስቲክ የእግር ቀለበት ነው። ለቡናማ እንቁላል ጣይ 16 ሚሊ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ይስማማታል። መለኪያው ቀላል ነው፤ ቀለበቱ እግሯ ላይ እንደ ልብ መዞርና ከፍ ዝቅ ማለት አለበት፣ በጣቶቿ በኩል ግን መውለቅ የለበትም። በማደግ ላይ ያለችው በየሳምንቱ ትታያለች፤ ቀለበቱ ሲጠብ ወዲያው ይለወጣል። ሥራው ሲመሽ፣ ቆጥ ላይ ከሰፈሩ በኋላ ቢሆን ግርግር አይኖርም። ዶሮዎች ደም የመሰለ ነገር መንቆር ስለሚቀናቸው ቀይ ቀለም ባይመረጥ ይሻላል፤ ቢጫም በቢጫ እግር ላይ አይታይም።

ቀለሙ ያለ መዝገብ ትርጉም የለውም። ለምሳሌ የኅዳር ዙር አረንጓዴ፣ የየካቲት ዙር ሰማያዊ ተብሎ የገቡበት ቀን፣ የተከተቡበት ቀንና የተሰጣቸው መድኃኒት በአንድ ደብተር ይሰፍራል። አዲስ የተገዙትም ሌላ ቀለም ተደርጎላቸው ቢያንስ ሁለት ሳምንት ለብቻ ይቆያሉ።

“ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት” ይባላል፤ በገበያ ግን የሚታለለው ገዢው ነው። ያረጀችውን በቄብ ዋጋ ላለመግዛት እግሯን ማየት ይጠቅማል። የቄብ እግር ለስላሳና ደመቅ ያለ ቢጫ ሲሆን፣ ለወራት የጣለችው እግሯ ይነጣል፣ ቅርፊቱም ይሻክራል። እየጣለች ያለችው ኩክኔዋ ቀይና ሙሉ ነው፤ ከፊንጢጣዋ ግራና ቀኝ ባሉት ሁለት ቀጫጭን አጥንቶች መካከልም ሁለት ወይም ሦስት ጣት ይገባል። አንድ ጣት ብቻ ከገባ ወይ ገና አልጀመረችም፣ ወይ አቁማለች፤ የትኛው እንደሆነ እግሯ ይመሰክራል።

ይህ ሁሉ ወደ አንድ ቀን ያመራል። በዐቢይ ጾም 55 ቀናት የእንቁላል ፈላጊ ይቀንሳል፣ መኖው ግን አይቀንስም፤ በፋሲካ ዋዜማ ደግሞ የዶሮ ገበያ ይደራል። ቀለበትና ደብተር ያለው አርቢ የትኞቹን ለቢላዋ፣ የትኞቹን ለጎጆ እንደሚያስቀር አስቀድሞ ያውቃል። የሌለው ግን በዋዜማው እጁ የገባችለትን ይሸጣል፤ ምናልባትም ስትጥልለት የነበረችውን።