ዝጉ ጉባኤ የተዘጋው ለማን ነው?

በ1919 እ.ኤ.አ. መላው አሜሪካ ከመጠጥ እንዲታቀብ የሚያስገድደውንና በስሙ የሚጠራውን ሕግ ለምክር ቤት ያቀረበው አንድሩ ቮልስቴድ የሚኒሶታ ሰው ነበር፤ ሕጉ ግን ብዙ ሳይቆይ በ1933 ፈረሰ። በፍርድና በቅጣት ያልተገታውን ስካር ዛሬ በዚሁ ግዛት፣ በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል፣ ዳኛም ፖሊስም የሌለበት፣ አልኮሆሊክስ አኖኒመስ የተባለ የጠጪዎች መረዳጃ ጉባኤ ለብዙዎች ሲገታላቸው ይታያል። ይህን የመሰለ በጎ ነገር በደጃችን እያለ የእኛ ሰው ሳያውቀው ማለፉ ዘወትር ያሳዝነኛል።

ስብሰባውን ማግኘት አያስቸግርም፤ የሁለቱ ከተሞች ማስተባበሪያ ጽሕፈት ቤቶች የየራሳቸው ስልክ አላቸው፣ «ሚቲንግ ጋይድ» የተባለው ነፃ የስልክ መተግበሪያም በቅርብ ያለውን ስብሰባ ከነሰዓቱ ያሳያል። ምዝገባ የለም፤ መዋጮውም በፈቃድ ነው። ጉባኤው ብዙ ጊዜ በአብያተ ክርስቲያናት ምድር ቤት ቢሰበሰብም ለክፍሉ ኪራይ የሚከፍል እንጂ የማንም ሃይማኖት ቅርንጫፍ አይደለም፤ አንዳንዱ ቡድን በፍጻሜው ጸሎት ቢያደርስም ማንም አብሮ እንዲደግም አይገደድም።

በ1935 በኦሃዮ ግዛት፣ በአክረን ከተማ በሁለት ሰዎች የተጀመረው ይህ ማኅበር ወደ ሚኒያፖሊስ የገባው በአንድ ሰው ጭንቀት ነው። ፓት የተባለ ጠጪ በ1940 የማኅበሩን መጽሐፍ ከሕዝብ ቤተ መጻሕፍት አግኝቶ ካነበበ በኋላ እርዱኝ ብሎ በኒው ዮርክ ወዳለው የማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ጻፈ፤ ልመናው ወደ ቺካጎ ተላለፈና በኖቬምበር ወር ሁለት አባላት መጥተው ጎበኙት። በዚያው ሰሞን፣ ኖቬምበር 11 ቀን፣ በሚኒሶታ ብቻ 49 ሰዎችን የፈጀው የበረዶ ማዕበል መንገዱን ሁሉ ስለዘጋው እንግዶቹ መመለስ አቅቷቸው ከእርሱ ጋር ሲጫወቱ ቆዩ፤ ፓትም መጠጥ የተወበትን ቀን ከዚያ ዕለት ይቆጥር ነበር። በፈርስት አቬኑ ሳውዝ የሚገኘውና በቤት ቁጥሩ «2218» ተብሎ የሚታወቀው፣ የአባላቱ መሰብሰቢያ የሆነው የአላኖ ቤት የዚያ ጅምር ፍሬ ነው።

አሁን የእኛ ሰው ዘወትር ወደሚሳሳትበት ነገር ልግባ። በስብሰባዎቹ ሰንጠረዥ ላይ አንዳንዱ «ክፍት»፣ አንዳንዱ «ዝግ» ተብሎ ተመልክቷል። የእኛ ሰው «ዝግ» የሚለውን ባየ ጊዜ፣ አባል ካላቀረበው በስተቀር እንግዳ እንደማይቀመጥበት የጽዋ ማኅበር አድርጎ ይገምተውና ወደ ክፍቱ ይሄዳል፤ ነገሩ ግን ተቃራኒ ነው። ወደ ክፍቱ ስብሰባ ሚስትም፣ ተማሪም፣ ነገሩን ለመረዳት የፈለገ ጎረቤትም ገብቶ ያዳምጣል፤ ዝጉ መጠጥ ለማቆም ለሚሻ ሰው ብቻ የተጠበቀ ነው።

በአንድ የጥር ምሽት ዘመዴን በቤተ ክርስቲያን ወደሚደረግ ዝግ ስብሰባ ላደርስ ሄጄ፣ አንድ የአገሬ ወጣት የመኪናውን ሞተር ሳያጠፋ ተቀምጦ የቤተ ክርስቲያኑን የጎን በር ሲመለከት አገኘሁት። ሰላምታ ብሰጠው መስኮቱን ዝቅ አድርጎ፣ «ጋሼ፣ ዝግ ነው ይላል እኮ፤ እኔ ደግሞ አባል አይደለሁም» አለኝ። «ልጄ፣ የተዘጋውስ ለእኔ ነው፤ እኔ ጠጪ አይደለሁም። አንተ ለመተው ከፈለግህ ማንም አይከለክልህም» አልሁት። ጥቂት አሰበና ሞተሩን አጥፍቶ ገባ፤ እኔ ስብሰባው እስኪያበቃ ውጭ ጠበቅሁ።

ይህ ሥርዓት ያለ ምክንያት አልቆመም። ሰው በሚስቱና በታዛቢ ፊት የማይናገረውን፣ በዚያው አዘቅት ውስጥ በነበሩት ፊት ይናገራል። ለአባልነት የሚጠየቀው መጠጥ የማቆም ፍላጎት ብቻ ነው፤ ፍላጎቱንም የሚመረምር ፈታኝ የለም፣ ሰውየው ራሱ ምስክር ነው። እንግሊዝኛው የሚከብደው፣ ወይም አንደበቱ የተሳሰረበት፣ «ዛሬ ማዳመጥ ይበቃኛል» ቢል ነውር አይሆንበትም። ሐሜትን ለሚፈራው ወገናችንም ይህን እላለሁ፦ በዚያ ክፍል የተነገረውን የሚጠብቀው ክህነት ወይም መሐላ ሳይሆን፣ እያንዳንዱ የሌላውን ምስጢር ተሸክሞ የራሱንም ምስጢር ለሌላው አደራ መስጠቱ ነው።

ስለዚህ በዝጉ ስብሰባ የሰማውን በቡና ቤት የሚያወራ ሰው ትልቅ በደል ይፈጽማል፤ ባሏን ወይም ወንድሟን ለመቆጣጠር ሾልካ የምትገባም እንደዚሁ ታጠፋለች፤ ለቤተ ሰብ በ1951 የተመሠረተ አል-አኖን የተባለ የራሱ ጉባኤ አለና። ስብሰባው እንዳበቃ ካፖርቱን አንሥቶ የሚሮጠውም ራሱን ይጎዳል፤ ስልክ ቁጥር የሚለዋወጡትና በፈተና ሰዓት የሚደወልለት ወዳጅ የሚገኘው ከስብሰባው በኋላ፣ በቡናው ፔርሙስ ዙሪያ ነውና። አንድ ቡድን ሞክሮ «አልሆነኝም» ብሎ የሚቀርም ይቸኩላል፤ የየቡድኑ ጠባይ ይለያያል፣ የሚስማማ እስኪገኝ መዞር ይገባል።

አንድ ብርቱ ማሳሰቢያ አለኝ፦ በየዕለቱ ብዙ ሲጠጣ የኖረ ሰው በድንገት ቢያቆም የሚጥል ሕመምና ለሕይወት የሚያሠጋ መቃዠት ሊደርስበት ይችላልና፣ ከማቆሙ በፊት ሐኪም ያማክር፤ ጉባኤው የሐኪምን ሥራ አይተካም። ከዚያ በኋላ ሰንጠረዡን ሲመለከት «ዝግ» የሚለውን አይለፈው፤ ከሁሉ አስቀድሞ እርሱን ይምረጥ።