«ሣቅ በል!» ብለህ አትዘዘው

አንባቢ ሆይ! በጅማ መንገድ ሰበታንና ተፍኪን አልፎ፣ በበቾ ሜዳ ጥቁር አፈር ላይ ተጂ የምትባል ከተማ አለች። እዚያ አንዲት እናት ከሣጥናቸው ውስጥ በጨርቅ የተጠቀለለ ፎቶግራፍ አውጥተው አሳዩኝ። ሥዕሉ የአንድ ትንሽ ልጅ ነው፤ አዲስ ልብስ ለብሷል፤ እጆቹን ከጎኑ አጣብቆ፣ ዓይኑን አፍጥጦ እንደ ወታደር ቆሟል። ይህ ልጅ ዛሬ አድጎ፣ ልጁን ለእናቱ ትቶ፣ ለሥራ ዐረብ አገር ሄዷል። እናቱ ሥዕሉን በጣታቸው ዳሰስ አድርገው፦

«መልኩስ መልኩ ነው፤ ነገር ግን ልጄ እንዲህ አልነበረም። ሣቂታ ነበረ» አሉኝ።

የልጅነቱ ፎቶግራፍ ይኸው አንዱ ብቻ ነው። ዛሬ በኪስህ ያለው ስልክ ራሱ ካሜራ ስለ ሆነ፣ አንተም የእኅትህን ልጅ ወይም የጎረቤትህን ሕፃን ሳታነሣ አትቀርም። ታዲያ የምታነሣው ልብሱን ነው ወይስ ልጁን?

ልጆች በፎቶግራፍ ላይ ደርቀው መታየታቸው ከጥንት የመጣ ነገር ነው። ፈረንሳዊው ዳጌር የፈለሰፈው አሠራር በ1839 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ለሕዝብ ሲገለጥ፣ አንድ ሥዕል ማንሣት ደቂቃዎች ይፈጅ ነበር። ከዚያም በኋላ ለብዙ ጊዜ በአውሮጳ ሕፃኑ እንዳይነቃነቅ እናቱ ጨርቅ ተከናንባ ከኋላው ትይዘው ነበር። በአገራችንም አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን በዐፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ ያነሣ ነበር፤ ልጆቹም ሙያውን ወርሰዋል። ኋላ በየከተማው በተከፈቱት ፎቶ ቤቶች ውስጥ የተነሣን ሁሉ «አትንቀሳቀስ!» የሚለውን ትእዛዝ እናስታውሳለን። መሣሪያው በሰከንድ 250ኛ ክፍል ማንሣት ከቻለ በኋላም ትእዛዙ አልቀረም።

«ሣቅ በል!» ማለትም ከዚህ አይሻልም። ዱሼን የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም በ1862 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ባሳተመው መጽሐፍ እንዳስረዳው፣ ከልብ የሆነ ፈገግታ ሁለት ጡንቻዎችን ያሠራል። አንዱ የከንፈርን ጫፍ ወደ ላይ ይስባል፤ እርሱ ለፈቃዳችን ይታዘዛል። ሁለተኛው በዓይን ዙሪያ ያለው ነው፤ እርሱን በደንብ የሚያንቀሳቅሰው እውነተኛ ደስታ ነው። ስለዚህ የታዘዘ ልጅ ጥርሱን ያሳይሃል እንጂ ዓይኑ አይሥቅም።

እንግዲህ ምን ማድረግ ይገባሃል?

በመጀመሪያ ፈቃድ ጠይቅ። «እማማ፣ የልጅ ልጅዎን ፎቶግራፍ ባነሣት ይፈቅዱልኛል?» አልኳቸው፤ ፈቀዱልኝ። ከዚያ ልጅቱን ራሷን ጠይቅ። በተጂ ኦሮምኛ ተናጋሪው ብዙ ነውና «አካም ጅርታ?» ብሎ ሰላምታ መስጠት ብቻውን ፊትን ይፈታል። ልጁ እንቢ ካለ ግን ተወው።

ሁለተኛ፣ ለልጁ ሥራ ስጠው። ልጅቱ ስልኬን ሳነሣ እንደ አባቷ እጇን አጣብቃ ቆመች። ስልኬን ኪሴ ከትቼ «ቅልልቦሽ ታውቂያለሽ?» አልኳት። ጠጠሯን ለቅማ ተቀመጠች፤ ጥቂት ቆይታም መኖሬን ረሳች። በቅልልቦሽ ጊዜ ጠጠሩ ወደ ላይ ሲወረወር ዓይን አብሮ ይወጣል፤ ፊትም ወደ ብርሃን ይቀናል።

ሦስተኛ፣ ዝቅ በል። ቆመህ ቁልቁል ብታነሣ የምታገኘው አናቱን ነው። ሱሪህ አቧራ ይንካው እንጂ ካሜራህ በልጁ ዓይን ትክክል ይሁን።

አራተኛ፣ ብርሃኑን ምረጥ። በ6 ሰዓት ፀሐይ ከአናት ስለምትወርድ የቅንድብ ጥላ ዓይንን ይጋርዳል። ማለዳ ወይም ከ10 ሰዓት በኋላ ይሻላል፤ ካልሆነ ልጁን በደጃፍ ጥላ ሥር ወደ ውጭ አዙረህ አስቀምጠው። ከኋላው ብሩህ ሰማይ ካለ ፊቱ እንዳይጠቁርብህ ተጠንቀቅ፤ የጭቃ ግድግዳ ይበልጣል።

ከሁሉም በላይ ታገሥ። ሣቅን ብቻ አታሳድ፤ ልጅ ሲያስብ፣ ሲያኰርፍ፣ ምላሱን ነክሶ ሲጽፍም ልጅ ነው። ነገር ግን እንዲያለቅስልህ አታስከፋው፤ አድጎ ሲያየው የሚያፍርበትንም ሥዕል ለሰው አታሳይ።

በመጨረሻም ቃልህን ጠብቅ። ስልክ ይጠፋል፤ ይሰበራል። በወረቀት የታተመ ሥዕል ግን ሣጥን ውስጥ ይቀመጣል። እኔም በሳምንቱ አሳትሜ ወደ ተጂ ተመለስሁ። ልጅቱ ጠጠሩን ወደ ላይ ወርውራ፣ አንድ የጎደለ ጥርሷን አሳይታ ስትሥቅ ይታያል። እናትየው ሥዕሉን ወደ ብርሃን አቅርበው ብዙ ጊዜ ተመለከቱት።

«አባቷ ሲሥቅ እንዲህ ነበረ» አሉና፣ ከፊተኛው ሥዕል ጋር በአንድ ጨርቅ ጠቀለሉት።