ስለ ጀልባ ተጎታች ኩሽኔታ፤ ያረጀውን መለወጥና አዲሱን መጠበቅ እንደሚገባ

ጀልባ በውሃ ላይ ሳለ ክብደቱን የሚሸከመው ውሃው ነው፤ ወደ የብስ በወጣ ጊዜ ግን ያ ሁሉ ክብደት በተጎታቹ መንኰራኵሮች ላይ ያርፋል። መንኰራኵሩ ሸክሙን ይዞ ያለ ችግር እንዲዞር የሚያደርገው በመካከሉ የተቀመጠው ኩሽኔታ ነው። ይህ ዕቃ በመዳፍ የሚያዝ ትንሽ ነገር ስለ ሆነ፥ በጣና ወይም በዝዋይ፥ በአባያ ወይም በጫሞ ዳር ጀልባ ያላቸው ሰዎች ስለ ሞተሩና ስለ መረቡ እጅግ ሲያስቡ ኩሽኔታውን ይረሱታል። ነገር ግን ኩሽኔታው ተበልቶ ያለቀ እንደ ሆነ መንኰራኵሩ በጉዞ ላይ ተነቅሎ ሊሄድ ይችላል። በገበያ ቀን መንገዱ በእግረኛና በከብት የተመላ መሆኑን ለሚያውቅ ሹም የዚህ አደጋ ትልቅነት በብዙ ቃል ሊነገረው አያስፈልግም።

ኩሽኔታው እንዴት እንደሚሠራ

በተጎታች ላይ የሚገኘው ኩሽኔታ አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ቀለበቶች መካከል የሚንከባለሉ ትንንሽ ብረቶች ያሉበት ነው። ብረቶቹ በአንድ ጫፋቸው ቀጠን፥ በሌላው ወፈር ያሉ ናቸው። ይህን ዓይነት ኩሽኔታ ሄንሪ ቲምከን የተባለው የአሜሪካ የሠረገላ ሠሪ ከሬጂናልድ ሃይንዘልማን ጋር በ1890 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1898) በባለቤትነት መብት አስመዘገበው። ጥቅሙም ከላይ የሚጫነውን ክብደትና ሠረገላው በሚታጠፍበት ጊዜ ከጎን የሚመጣውን ግፊት በአንድነት መቻሉ ነው። በእያንዳንዱ መንኰራኵር እምብርት ውስጥ ሁለት ኩሽኔታዎች አሉ፤ አንዱ በውስጥ፥ ሁለተኛው በውጭ በኩል። ከውስጠኛው በስተኋላ ግራሶው እንዳይወጣና ውሃ እንዳይገባ የሚከለክል የጎማ ቀለበት ይገኛል።

የጥፋቱ ምክንያት

የጀልባ ተጎታች ከእህል ጫኝ ተጎታች ፈጥኖ የሚበላሸው ውሃ ውስጥ ስለሚገባ ነው። ከሩቅ መንገድ የመጣ ተጎታች እምብርቱ ግሎ ይደርሳል። ሾፌሩ ጊዜ ሳይሰጠው ወደ ሐይቁ ያስገባው እንደ ሆነ፥ በውስጡ ያለው የጋለ አየር በድንገት ቀዝቅዞ ይሰበሰባል፤ ሲሰበሰብም በጎማው ቀለበት ጠርዝ በኩል ውሃ ወደ ውስጥ ይስባል። ውሃው ከግራሶው ጋር ተደባልቆ ወተት ያስመስለዋል። ከዚያ በኋላ ተጎታቹ በክረምት ለብዙ ወር ሳይንቀሳቀስ ሲቆም፥ ብረቱ በቆመበት ስፍራ ዝገት ይበላዋል። ስለዚህ ተጎታቹ ወደ ውሃ ከመግባቱ አስቀድሞ እምብርቱ በእጅ ሲነኩት እስኪበርድ ድረስ መቆየት ይገባል። ይህ ጥንቃቄ ከጥቂት ጊዜ መታገሥ በቀር ምንም ወጪ የለውም።

የመበላሸቱ ምልክት

መንኰራኵሩን በክሪክ ከመሬት አንሥቶ ከላይና ከታች በእጅ ይዞ መነቅነቅ ነው፤ በግልጥ የሚወዛወዝ ከሆነ ኩሽኔታው ላልቷል ወይም ተበልቷል። ቀጥሎም ማሽከርከርና ጆሮን አቅርቦ ማድመጥ ነው፤ እንደ ወፍጮ የሚያጉረመርም ከሆነ አልቋል ማለት ነው። በመንገድም ላይ ጥቂት ከተጓዙ በኋላ የግራና የቀኝ እምብርቶችን በጥንቃቄ ዳስሶ ማመሳሰል ነው፤ አንዱ ከሌላው በጣም የጋለ እንደ ሆነ ጉዞውን መቀጠል አይገባም።

ስለ አለዋወጡ

1ኛ፤ ተጎታቹን በደልዳላ ስፍራ አቁሞ በሌላው ጎማ ሥር ድንጋይ ማስደገፍ ነው። የጎማውን ዳዶዎች ከመሬት ሳይነሣ ማላላት፥ ከዚያም በክሪክ ማንሣትና በጠንካራ ድጋፍ ላይ ማሳረፍ ያስፈልጋል። ክሪክ ብቻውን የያዘው ዕቃ ሥር ማንም ሰው አይግባ።

2ኛ፤ የእምብርቱን ክዳን ማውለቅ፥ ዳዶውን የሚቆልፈውን ሽቦ አቅንቶ ማውጣት፥ ዳዶውን ፈትቶ እምብርቱን ከዘንጉ መሳብ ነው። የኋላው የጎማ ቀለበት ከወጣ በኋላ ሁለቱም ኩሽኔታዎች ይወጣሉ።

3ኛ፤ ሁሉን በላምባ አጥቦ በብርሃን መመልከት ነው። የተቦረቦረ፥ የዛገ ወይም በሙቀት ብዛት ሰማያዊ መልክ ያወጣ ብረት ካለ ኩሽኔታው ይጣላል። ዘንጉም የተፋቀ ወይም የጠቆረ መሆኑ ይመርመር፤ በተበላሸ ዘንግ ላይ አዲስ ኩሽኔታ ማግባት ገንዘብን መጣል ነው።

4ኛ፤ በኩሽኔታው ላይ የተቀረጸውን ቍጥር ጽፎ ወደ ሱቅ መላክ ነው። ለምሳሌ በትንንሽ ተጎታቾች ብዙ ጊዜ የሚገኘው ኤል 44649 የሚባለው 27 ሚሊሜትር ያህል ውፍረት ላለው ዘንግ ነው፤ የውጭ ቀለበቱም ኤል 44610 ይባላል። በዓይን ግምት ብቻ የተገዛ ኩሽኔታ አይገጥምም።

5ኛ፤ በእምብርቱ ውስጥ የቀሩትን የውጭ ቀለበቶች በናስ በትር ዙሪያውን በየተራ እየመቱ ማውጣት፥ አዲሶቹንም ሳያዘነብሉ እስከ መጨረሻው ማስገባት ነው። አዲስ ተንከባላይ ከአሮጌ ቀለበት ጋር ማጋባት ፈጽሞ አይገባም፤ የአሮጌው ቍስል አዲሱን በጥቂት ጊዜ ይበላዋልና።

6ኛ፤ ውሃ የማያጥበውን፥ ለጀልባ ተጎታች የተሠራውን ግራሶ በመዳፍ ይዞ፥ የኩሽኔታውን ሰፊ ጫፍ በላዩ እየጫኑ ግራሶው በብረቶቹ መካከል አልፎ በማዶ እስኪታይ ድረስ መመገብ ነው። ዓይነታቸው የተለያየ ግራሶዎችን መደባለቅ አይገባም። የጎማው ቀለበትም ሁልጊዜ በአዲስ ይለወጥ።

7ኛ፤ እምብርቱን መልሶ፥ መንኰራኵሩን እያሽከረከሩ ዳዶውን ጠበቅ ማድረግ፥ ቀጥሎ ማላላት፥ በመጨረሻም በጣት ብቻ ማጥበቅ ነው። የሽቦው ቀዳዳ ካልገጠመ እስኪገጥም ድረስ ጥቂት ማላላት እንጂ ማጥበቅ አይገባም። የሚቀረው ጭላንጭል ከሚሊሜትር ሩብ አይበልጥም። እጅግ የጠበቀ ኩሽኔታ ይቃጠላል፤ እጅግ የላላም ይሰበራል። አዲስ የመቆለፊያ ሽቦ አግብቶ ጫፉን ማጠፍ፥ ክዳኑን መግጠምና የጎማውን ዳዶዎች በመስቀለኛ አኳኋን ማጥበቅ ነው። ከ50 ኪሎሜትር ጉዞ በኋላ ደግሞ እንደገና ይጥበቁ።

የሹማምትና የባለ ንብረቶች ተግባር

ከላይ የተጻፈው የሠራተኛ ሥራ ነው፤ ሥራው እንዲሠራ ማድረግ ግን የአለቃው ነው። ኩሽኔታ በዓመት አንድ ጊዜ፥ ወይም ከ19,000 ኪሎሜትር ጉዞ በኋላ፥ ከሁለቱ በቀደመው ጊዜ ተፈትቶ እንዲታይና ግራሶው እንዲለወጥ ይታዘዝ። ለዚህም የሚመቸው ጊዜ ተጎታቹ ለክረምት ከመቆሙ በፊት ነው። የተፈታበት ቀንና የኩሽኔታው ቍጥር በመዝገብ ይጻፍ፤ አንድ ሙሉ መለወጫና ግራሶ ከተጎታቹ ጋር በሣጥን ይቀመጥ።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ይህ ነው። ሾፌር እምብርቱ መጋሉን እያወቀ «ለምን ዘገየህ?» የሚለውን ቍጣ ፈርቶ የሚጓዝ ከሆነ፥ መዝገቡም ሣጥኑም ጥቅም የላቸውም። ስለዚህ መንኰራኵር በጋለ ጊዜ መቆም መብቱ ብቻ ሳይሆን ግዴታው መሆኑ አስቀድሞ ይነገረው፤ በቆመም ጊዜ አይወቀስ። የዘገየ ጀልባ በማግሥቱ ይደርሳል፤ በተነቀለ መንኰራኵር የተመታ መንገደኛ ግን አይመለስም። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው የአባቶች ቃል ለዚህች ትንሽ ብረት በእውነት የተነገረ ይመስላልና ይታሰብበት።