ካርማ ዕድል ነውን? የሥራ ፍሬና የልቡና ደረጃዎች በዮጋ ፍልስፍና



«ካርማ» የተሰኘው የሳንስክሪት ቃል ወደ አማርኛ ሲመለስ ብዙ ጊዜ «ዕድል» ወይም «ዕጣ ፈንታ» ይባላል። የቃሉ ሥር ግን «አደረገ፣ ሠራ» ማለት ስለሆነ የቀና ፍቺው «ሥራ» ነው። ዕድል ከውጭ ይደርሳል፤ ሥራ ከሠሪው ይወጣል። ይህን ልዩነት የሳተ አንባቢ ዮጋን እጅን አጣጥፎ የመቀመጥ ትምህርት ያደርገዋል።

የህንድ ሊቃውንት ነገሩን በዘር ይመስሉታል። ከሐሙሲት አልፎ እስከ ወረታ የተዘረጋውን የፎገራ ሜዳ ለምናውቅ ምሳሌው ቅርብ ነው። በጎተራ የተከማቸ ሩዝ አለ፤ በማሳ ላይ ለአጨዳ የደረሰ አለ፤ ገበሬው ገና የሚዘራውም አለ። ካለፉ ሕይወቶች የተጠራቀመው ሥራ «ሳንቺታ»፣ በዚህ ሕይወት ፍሬው የሚታጨደው «ፕራራብዳ»፣ አሁን የሚሠራው ደግሞ «ክሪያማና» ይባላል። የደረሰውን ማጨድ ግድ ነው፤ የሚዘራውን መምረጥ ግን የሰው ፈንታ ነው።

ጎተራውስ? የፓታንጃሊን «ዮጋ ሱትራ» ያብራራው ቪያሳ በተቆላ እህል ይመልሳል፤ ቆሎ ቢዘሩት አይበቅልም። የሚቆሉት ሥራን የሚያበቅሉ አምስቱ የልቡና ሕመሞች ናቸው፦ አለማወቅ፣ እኔነት፣ ምኞት፣ ጥላቻና ሕይወትን የሙጥኝ ማለት። የሚቆላቸው እሳት ዕውቀት ነው።

እሳቱ እንዲነድ ልቡና መሰብሰብ አለበት። ስለዚህም ቪያሳ አምስት የልቡና ደረጃዎችን ይዘረዝራል፤ የተበተነ፣ የደነዘዘ፣ አልፎ አልፎ የሚረጋ፣ በአንድ ነገር ላይ የጸና፣ እንቅስቃሴው ፈጽሞ የተገታ። ዮጋ በእውነት የሚባሉት የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ናቸው።

የደረጃ ትምህርት ለጣና ገዳማት እንግዳ አይደለም። ማር ይስሐቅን፣ ፊልክስዩስንና አረጋዊ መንፈሳዊን የያዘው የመጽሐፈ መነኮሳት ትምህርት ንጽሐ ሥጋን፣ ንጽሐ ነፍስንና ንጽሐ ልቡናን ይለያል፤ በሦስቱ ውስጥም ከጽማዌ ጀምሮ 10 መዓርጋት ይቆጠራሉ። ሁለቱም መንገዶች ሥጋን ከመግራት ወደ ልቡና ጥራት ይወጣሉ። መድረሻቸው ግን ይለያያል። በዮጋ ሥራ በራሱ ሕግ በብዙ ልደቶች ያፈራል፤ ፍጻሜውም ነፍስ ከግዙፉ ዓለም ተለይታ ብቻዋን መቆሟ ነው። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ሕይወት አንዲት ናት፤ ፈራጅም ምሕረትም አለ፤ የመዓርጋቱ ጫፍ ነጽሮተ ሥላሴ ነው።

ይህን ሁሉ ልዩነት ይዘው በአንድ ነገር ይስማማሉ፤ ሰው በሥራው ይጠየቃል። ካርማን «ዕድል» ብለን ስንተረጉም ሁለቱም የማይቀበሉትን እንናገራለን። የተቸገረን ሰው «ካርማው ነው» ብሎ ማለፍ የቀለለውም በዚህ ፍቺ ነው። በትምህርቱ መሠረት ግን አይቶ ማለፍም ሥራ ነው፤ ዘሩም የአላፊው ነው።